መስመረ አድማስ፤ የኢራቃዊው ስደተኛ ሠዓሊ የራፊዕ አል-ናሲሪ ሕይወትና ሥራ



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እናገር ዘንድ የመረጥሁት የአንድ ሠዓሊ ታሪክ ነው፤ ይህም ሰው በጤግሮስ ወንዝ ዳር ተወልዶ፣ በቻይና እንጨት ቀርጾ ማተምን፣ በፖርቱጋል ብረት በአሲድ አስበልቶ ማተምን ተምሮ፣ በባግዳድ ለብዙ ዘመን መምህር ሆኖ ከኖረ በኋላ የሀገሩ መከራ ከቤቱ አውጥቶት የቀረውን ዕድሜውን በሰው ሀገር የፈጸመው ኢራቃዊው ራፊዕ አል-ናሲሪ ነው። ሥራው በዘመናችን አነጋገር ረቂቅ ሥዕል ከሚባለው ወገን ስለሆነ፣ በሸራው ላይ ሰው፣ ፈረስ ወይም የጦር ሜዳ የሚፈልግ ተመልካች አንዱንም ሳያገኝ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሥዕል ከሚያዩት ሰዎች ብዙዎቹ ሠዓሊው ከወገኑ መከራ ፊቱን አዙሮ በቀለም የሚጫወት መስሎ ይታያቸዋል። እኔ ግን የናሲሪን ሕይወት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ስመረምር ያገኘሁት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ረቂቁ የሥዕል መንገድ፣ ሀገር በምትፈርስበት ጊዜ ሊፈርስ የማይችለውን የሀገር ክፍል ይዞ ለመሄድ አስችሎታል፤ የስደተኛ ጠቢብም ትልቅነት በደረሰበት ሀገር ሁሉ በሚተክለው የሥራ ቤት እንደሚመዘን የእርሱ ኑሮ ያስተምራል። የምጠራቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ናሲሪ የተወለደው በ1940 ከባግዳድ በስተ ሰሜን በምትገኘው በተክሪት ከተማ ነው። ተክሪት በጤግሮስ ምዕራባዊ ዳርቻ የተቀመጠች ጥንታዊት ከተማ ናት። በሃይማኖት እኅታችን የሆነችው የሶርያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በምሥራቅ ላሉት ምእመናኗ የሾመችው፣ ማፍርያን የሚባለው ሊቀ ጳጳስ፣ ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለብዙ ዘመን መንበሩን ያደረገው በዚችው ከተማ ነበር፤ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች እጅ የወሰደው ሳላሕ አድ-ዲንም የተወለደው በዚያው ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ከኤደን ከሚወጡት ወንዞች ጋር የሚቈጥረው ጤግሮስ በከተማይቱ ሥር ያልፋል፤ በሰሜኑ ተራራ ያለው በረዶ በሚቀልጥበት ወራት ይሞላና ይደፈርሳል፣ ሐሩሩ ሲበረታ ደግሞ ይጐድልና በዳርቻው ላይ የደለልና የአሸዋ ንጣፍ ትቶ ይሸሻል። ሜዳው ሰፊ በመሆኑ ሰማይና ምድር ከሩቅ በአንዲት ቀጥ ያለች መስመር ሲገናኙ ይታያሉ። ይህችን መስመር ልብ በሉልኝ፤ የሠዓሊው ሥራ ሁሉ ምሰሶ ሆና ወደ ፊት እናገኛታለንና።

በ1956 ናሲሪ ወደ ባግዳድ ወርዶ በሥነ ጥበባት ተቋም ገባ። የዚያን ዘመን ባግዳድ ለሥዕል ተማሪ እጅግ የተባረከች ከተማ ነበረች፤ በፓሪስ ተምሮ የተመለሰው ፋኢቅ ሐሰን ቀለም አጠቃቀምን ያስተምር ነበር፤ በፓሪስ፣ በሮማና በሎንዶን የተማረው ጀዋድ ሰሊምም ከወጣቱ ከሻኪር ሐሰን አል ሰዒድ ጋር ሆኖ በ1951 የባግዳድ የዘመናዊ ጥበብ ማኅበርን መሥርቶ ነበር። የማኅበሩ ሐሳብ ኢራቃዊ ሠዓሊ ከአውሮፓ የተማረውን ይዞ ወደ ሱመርና ወደ አሦር ቅርጻ ቅርጽ፣ እንደዚሁም በ1237 የአል-ሐሪሪን መጽሐፍ በሥዕል ወዳስጌጠው ወደ ያሕያ አል-ዋሲቲ ተመልሶ፣ የአባቶቹን ጥበብ ሳይገለብጥ ከመንፈሱ እንዲቀዳ ነበር። በሐምሌ ወር 1958 የንጉሡ መንግሥት በወታደሮች እጅ ሲወድቅ ጀዋድ ሰሊም ኀምሳ ሜትር በሚረዝም ግንብ ላይ ዐሥራ አራት የነሐስ ቅርጾች የተደረደሩበትን የነጻነት ሐውልት እንዲሠራ ታዘዘ፤ ሐውልቱ በ1961 ሲመረቅ ግን ሠሪው ከጥቂት ወራት በፊት ዐርፎ ነበር። ናሲሪ ያደገው እንዲህ ባሉ መምህራን ጥላ ሥር ነው፤ ከእነርሱም ትውፊትና አዲስነት ጠላቶች አለመሆናቸውን ተማረ።

አዲሱ የኢራቅ መንግሥት ከሶሻሊስት አገሮች ጋር በተወዳጀ ጊዜ ለኢራቃውያን ተማሪዎች አዲስ በር ተከፈተ። ከእርሱ በፊት ከነበሩት ሠዓልያን አብዛኞቹ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ናሲሪ በ1959 ፊቱን ወደ ምሥራቅ አቅንቶ በቤይጂንግ ወደሚገኘው ማዕከላዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሄደና እስከ 1963 የኅትመት ጥበብን አጠና። ወቅቱ ለቻይና ሕዝብ እጅግ መራር ነበር፤ ታላቁ የረኀብ ዘመን ሀገሪቱን የመታው እርሱ በዚያ በተማረባቸው ዓመታት ነው። በአካዳሚው የሚፈለገው ሥዕል ገበሬውን፣ ሠራተኛውንና ወታደሩን የሚያሳይ ግልጽ ሥዕል ስለነበረ የናሲሪም የመጀመሪያ ሥራዎች የሰው ፊትና የሰው ሥራ የሚታይባቸው የእንጨት ኅትመቶች ናቸው።

ስለዚህ ሥራ ጥቂት ልግለጽ፤ እጁን ያላወቅን እንደሆነ ሐሳቡንም አናውቅምና። የእንጨት ኅትመት የሚሠራ ሰው በተላገ ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን አስቀድሞ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ይነድፋል፤ ከዚያም በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ቦታ ሁሉ በመሮ ፈልፍሎ ያወጣል፤ የቀረውን ከፍታ ቀለም ይቀባና ስስ ወረቀት አንጥፎ ጀርባውን በእጁ ያሻል፤ ወረቀቱም በቀስታ ሲነሣ ሥዕሉ ተገልብጦ፣ ማለት ተቃንቶ፣ ይታያል። በዚህ ሥራ ሠዓሊው ነገርን የሚያስገኘው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው፤ ባዶው ቦታም ከተሠራው ቦታ እኩል ድካም ይጠይቃል። ከዚሁ ጋር ናሲሪ በቤይጂንግ የጥንት ቻይናውያንን የቀለም ሥዕል አየ፤ በእነዚያ ሥዕሎች ተራራው በአንድ የብሩሽ ምት ሲቆም፣ ውሃውና ጉሙ ምንም ሳይነካ በተተወው ወረቀት ይነገራል። መንግሥቱ ያስተማረው የገበሬውን ፊት መሣል ነበር፤ በልቡ ይዞት የተመለሰው ትምህርት ግን የባዶ ቦታን ክብር ነው። በዕድሜው መጨረሻ፣ በ2012፣ ወደ ቻይና ስላደረገው ጉዞ መጽሐፍ ማሳተሙም ያ ዘመን በእርሱ ዘንድ ምን ያህል የከበረ እንደነበረ ያስረዳል።

ወደ ባግዳድ ተመልሶ ባስተማረባቸው ዓመታት ሀገሩ ከአንድ መፈንቅለ መንግሥት ወደ ሌላው ትሸጋገር ነበር። በ1967 በሰኔ ወር ዓረቦች በስድስት ቀን ጦርነት በእስራኤል ድል ሲሆኑ የትውልዱ ሁሉ ልብ ተሰበረ፤ በዚያው ዓመት ናሲሪ የጉልቤንኪያን ተቋም በሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ሊዝበን ሄደ። በዚህ ስጦታ ውስጥ የታሪክ ምጸት አለ። አርመናዊው ካሉስት ጉልቤንኪያን ከኢራቅ የነዳጅ ኩባንያ አምስት በመቶ ድርሻ ይዞ እጅግ ከበለጸገ በኋላ በ1955 በሊዝበን ሞተ፤ በስሙ የቆመውም ተቋም በ1962 በባግዳድ የተከፈተውን የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አሠራ፣ ለኢራቃውያን ወጣቶችም የትምህርት ገንዘብ ሰጠ። ከኢራቅ ምድር የወጣው ዘይት በባዕድ እጅ አልፎ፣ ሀብቱ እጅግ በጥቂቱ፣ በሥነ ጥበብ መልክ ወደ ኢራቅ ልጆች ተመለሰ ማለት ነው።

በሊዝበን ናሲሪ ግራቩራ በሚባለው የኅታምያን የኅብረት ሥራ ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት ሠራ። እዚያ የተማረው በእንጨት ፈንታ በብረት ሰሌዳ የሚሠራውን ኅትመት ነው። ሰሌዳው አሲድ እንዳይነካው አስቀድሞ ሰም መሰል ቅብ ይቀባል፤ ሠዓሊው በመርፌ ሲጭረው ቅቡ ተላጦ ብረቱ ይገለጣል፤ ሰሌዳው ወደ አሲዱ ሲገባም የተገለጠው ቦታ ብቻ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ቀለም በጎድጓዳው ታሽቶ ይሞላል፣ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል፣ የረጠበ ወረቀት ይነጠፍበትና በሁለት ከባድ ተንከባላይ ብረቶች መካከል ያልፋል። በዚህ ሥራ ከሠዓሊው ጋር ሌላ ሠሪ አለ፤ አሲዱ ለጥቂት ደቂቃ በዘገየ ቁጥር መስመሩ ይሰፋል፣ ጥላው ይጠቁራል፣ የሰሌዳው ገጽ ለዘመናት ዝናብና ነፋስ እንደመታው ግንብ ይሸረሸራል። የሜሶጶጣምያን የሸክላ ጽላትና የፈረሰ ቅጥር እያየ ላደገ ሰው ይህ የተበላ ገጽ እንግዳ አልነበረም። በዚያ የሥራ ቤት ውስጥ የሰው መልክ ከናሲሪ ሥዕል ቀስ በቀስ ተለየ፤ በእርሱ ፈንታ የቀለም ሜዳ፣ ክብና አራት ማዕዘን፣ እንዲሁም የዓረብ ፊደል ቁራጭ ተተኩ። በሸራ ላይም ከዘይት ቀለም ይልቅ በውሃ የሚቀጥነውን፣ ፈጥኖ የሚደርቀውንና ጠርዙ ጥርት ብሎ የሚቆመውን አክሪሊክ መረጠ።

እዚህ ላይ ከአድማጮቼ መካከል አንዱ፣ የሰው መልክ ከሥዕል ወጥቶ ሄደ ማለት ሰውስ አብሮ አልሄደምን? ብሎ ቢጠይቀኝ ጥያቄው ቅን ነው። መልሱን ከናሲሪ ትውልድ ታሪክ እናገኘዋለን። በ1969 ናሲሪ ከፖርቱጋል እንደ ተመለሰ ከድያ አል-ዐዛዊ፣ ከኢስማዒል ፈታሕ፣ ከሙሐመድ ሙህረዲን፣ ከሃሺም ሰመርጂና ከሳሊሕ አል-ጁመይዒ ጋር ሆኖ “ወደ አዲስ ራእይ” የሚል ዐዋጅ ፈረመ። ስድስቱ ሠዓልያን ጠቢብ ሰው ያለፈውን ዘመን እንደ ሬሳ ተሸክሞ የሚዞር ሳይሆን የሚጠይቀውና የሚሞግተው መሆን አለበት፤ ከሽንፈት በኋላ ያለው ትውልድም ሽንፈቱን በአሮጌ ዐይን ሊያየው አይገባውም ባዮች ነበሩ። እንግዲህ ናሲሪ መልክን የተወው ሰውን ስለ ናቀ አይደለም፤ የተለመደው መልክ በመንግሥት ማስታወቂያና በድል ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ዋለ እውነትን ለመሸከም የማይበቃ ሆኖ ስላገኘው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሻኪር ሐሰን አል ሰዒድ አንድ ልኬት የተባለውን የሠዓልያን ስብስብ አቋቋመ፤ ናሲሪም ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበር። የእነዚህ ሰዎች መነሻ ፊደል ነው። ፊደል በእስልምና ሀገር ከሐውልትና ከሥዕል ይልቅ የከበረ ጥበብ እንደ ሆነ ይታወቃል፤ እነርሱ ግን የቁም ጸሐፊውን መንገድ ትተው ፊደልን ከቃል ለዩት፣ ለመነበብ ሳይሆን ለመታየት አቆሙት። ሻኪር ሐሰን ፊደሉን በቅጥር ላይ እንደ ተጫረ ጽሕፈት አድርጎ መንፈሳዊ ምሥጢር ሲፈልግበት፣ ናሲሪ ደግሞ የፊደሉን ጐባጣ፣ ቀጥታና ነጥብ ወስዶ በሰፊ ሰማይ ሥር እንደሚቆም ነገር አኖረው። በእርሱ ሥራ ላይ ያለውን ፊደል ዓረብኛ ዐዋቂም ቢሆን አያነብበውም፤ ነገር ግን የእጁ አጣጣል ከየት ሀገር እንደ መጣ ወዲያው ያውቀዋል።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሠራቸውን ሥዕሎች ጠጋ ብለን እንመልከታቸው። ሸራውን አንዲት አግድም መስመር ለሁለት ትከፍለዋለች። ከመስመሩ በላይ ያለው ክፍል ብዙውን ጊዜ በአንድ ኅብረ ቀለም የተሞላ ዝምተኛ ሜዳ ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው ግን የተጫረ፣ የተሰነጠቀ፣ የተደራረበ፣ ፊደልና ምልክት የተቀበረበት ምድር ነው። አንዳንድ ጊዜ ክብ ወይም ቅስት ከመስመሩ ላይ ይነሣል፤ ፀሐይ ነው ቢሉት አይቃወምም፣ ቅርጽ ብቻ ነው ቢሉትም እሺ ይላል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ተክሪት በስም አልተጻፈችም፤ ሆኖም የሕፃንነቱ ሰማይ፣ የወንዙ ደለልና ሁለቱ የሚገናኙባት የአድማስ መስመር በሙሉ አሉ። የባዶውን ቦታ ክብር ከቤይጂንግ፣ የተበላውን ገጽ ከሊዝበን ተማረ፤ ሁለቱንም ያገናኘባት መስመር ግን የጤግሮስ ዳር ናት። ሥዕሉ የአንድን ቀን ወይም የአንድን ቤት መልክ ስላልያዘ፣ ያ ቀን ቢያልፍና ያ ቤት ቢፈርስ የሚጐድልበት ነገር የለም። ሀገርን በረቂቅ መንገድ መያዝ ያልሁት ይህን ነው።

በ1974 ናሲሪ በባግዳድ የሥነ ጥበባት ተቋም የኅትመት ጥበብ ክፍልን አቋቁሞ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ አስተማረ። ዘመኑ የነዳጁ ሀብት ለመንግሥት ከተወረሰ ከ1972 በኋላ ስለሆነ ገንዘብ የበዛበት ጊዜ ነበር፤ ትርኢቶችና ታላላቅ በዓላት ይዘጋጁ፣ የዓረብ ሠዓልያንም በባግዳድ ይሰበሰቡ ነበር። ነገር ግን ያው የመንግሥት እጅ ሠዓሊውን ሲመግብ አንደበቱን ይጠብቅ ነበርና ልግስናው ዋጋ ነበረው። ድያ አል-ዐዛዊ በ1976 ወደ ሎንዶን ሄዶ በዚያው ቀረ። ከእርሱም በፊት ማሕሙድ ሰብሪ ከ1963ቱ መፈንቅለ መንግሥት ደም መፋሰስ የተነሣ በፕራግ ተሰድዶ ተቀምጦ ነበር፤ በዚያም ሆኖ በ1971 የነገርን መልክ ትቶ የአተሞቹን የብርሃን ቀለም የሚሥል አዲስ የሥዕል ሥርዓት አወጀ። ናሲሪ ግን በሥራ ቤቱ ተቀምጦ ወጣቶችን ማስተማሩን መረጠ። ከ1980 እስከ 1988 ከኢራን ጋር የተደረገው ጦርነት ብዙዎቹን የዚያ ትውልድ ወጣቶች ከትምህርት ቤት ወደ ምሽግ ወሰዳቸው፤ በአደባባይም የሚፈለገው የጀግናና የመሪ ሥዕል ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል ሰማይና ምድርን የሚያገናኝ አንድ መስመር ደጋግሞ መሣል ለላይኛው ተመልካች የዝምታ ሥራ ይመስላል፤ በነገሩ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን የታዘዘውን ሥዕል አለመሥራት ራሱ ንግግር ነው።

ከዚያ በኋላ ኢራቅ ኩዌትን ወረረች፣ ማዕቀብ መጣባት፣ በጥር ወር 1991ም የአየር ድብደባው ባግዳድን ለሳምንታት አነደዳት። በየካቲት 13 ቀን በአሚሪያ መጠለያ ውስጥ ብቻ ከአራት መቶ በላይ ሰላማውያን ሰዎች አለቁ። ኑሮ ተበላሸ፣ ወረቀትና ቀለም ጠፋ፣ የመምህር ደመወዝ ለዳቦ የማይበቃ ሆነ። ናሲሪ ከባለቤቱ ከባለቅኔዋና ከደራሲዋ ከማይ ሙዘፈር ጋር በዚያው ዓመት ወደ ዮርዳኖስ ወጣ። የቀሩት ሠዓልያን ዕጣም ቀላል አልነበረም፤ የባግዳድ የጥበብ ሙዚየም ዋና ኃላፊ የነበረችው ሠዓሊት ለይላ አል-ዐጣር በሰኔ 1993 የአሜሪካ ጦር በተኰሰው ሚሳይል በቤቷ ሞተች። በመጽሐፍ እንደምናነበው ምርኮኞች ከኢየሩሳሌም ተግዘው የመጡባት ሀገር፣ በእኛ ዘመን ልጆቿን ወደ ዐማን፣ ወደ ሎንዶንና ወደ ፓሪስ የምትበትን ሆነች።

የሀገራችን አበው ካገሩ የወጣውን ሰው ከሚጫን አህያና ከሚለጐም ፈረስ ጋር ያስተካክሉታል፤ ስደተኛ ያዘዙትን የሚሠራ፣ ክብሩን በሀገሩ ድንበር ጥሎ የሚሄድ ነው ማለታቸው ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም እውነት ቢሆንም ናሲሪ ግን ከዚህ ሕግ ወጥቶ እናገኘዋለን። ኢርቢድ በሚገኘው በያርሙክ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በዐማን ዳረት አል-ፉኑን የተባለው የሥነ ጥበብ ቤት በ1993 ሲከፈት የኅትመቱን የሥራ ቤት አቋቁሞ ለዮርዳኖስና ለስደተኞች ሠዓልያን ሰሌዳ መቅረጽን አሳየ፤ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ወደ ባሕሬን ተሻግሮ በዩኒቨርሲቲው አስተማረ፣ በኋላም ወደ ዐማን ተመለሰ። ስለ ዘመናዊው የኅትመት ጥበብ በዓረብኛ መጽሐፍ ጻፈ፤ ይህም ተማሪ በባዕድ ቋንቋ ሳይንገላታ ሥራውን እንዲማር ነው። ኅትመት ከሌሎች የሥዕል ዓይነቶች ይልቅ ማኅበርን የሚጠይቅ ጥበብ ነው፤ ማተሚያው ከባድና ውድ ስለሆነ ብዙዎች በአንድ ይጠቀሙበታል፣ ወረቀቱን የሚያረጥብና ቀለሙን የሚጠርግ ረዳት ያስፈልጋል፣ አዲሱ ተማሪ ከቀድሞው እጅ እያየ ይማራል። ስለዚህ ናሲሪ በየደረሰበት ማተሚያ ባቆመ ቁጥር ማኅበር አቆመ።

በሚያዝያ ወር 2003 ባግዳድ በአሜሪካ ጦር ስትያዝ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ፤ የዘመናዊው ጥበብ ሙዚየምም ተዘረፈ። በዚያ ከነበሩት ወደ 8,000 ከሚደርሱ የጥበብ ሥራዎች የሚበዙት ጠፉ፤ ከፍሬማቸው ተቈርጠው የተወሰዱ ሸራዎች በገበያ በርካሽ ተሸጡ። የአንድ መቶ ዓመት የሥዕል ታሪክ በጥቂት ቀናት ተበተነ። በመጋቢት 5 ቀን 2007 ደግሞ በታላቁ ባለቅኔ በአል-ሙተነቢ ስም በሚጠራው የባግዳድ የመጻሕፍት ሻጮች መንገድ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ሰዎች ከመጻሕፍታቸው ጋር ተቃጠሉ። ናሲሪ በዐማን ሆኖ ለአል-ሙተነቢ መታሰቢያ የሚሆኑ ሥራዎችን ሠራ፤ በዚያን ጊዜ በኢራቅ ሠዓልያን ዘንድ የተለመደውን፣ ሠዓሊው በእጁ እየሣለ የሚጠርዘውን የሥዕል መጽሐፍም ደጋግሞ አዘጋጀ። በእነዚህ ሥራዎች ጥቁሩ ቀለም በዛ፣ ፊደሉ ተሰባበረ፤ አድማሱ ግን አልጠፋም።

እዚህ ላይ የኅትመትን ሌላውን ጠባይ ማየት ይገባናል። አንድ ሸራ አንድ ብቻ ስለሆነ በተቃጠለ ጊዜ ፍጻሜው ነው። ከአንድ ሰሌዳ የሚወጣ ኅትመት ግን ኁልቍ አለው፤ ሠዓሊው በወረቀቱ ግርጌ በእርሳስ ስሙን ይፈርምና የስንተኛውና ከስንቱ እንደ ሆነ ይጽፋል፤ ከኻያው አንዱ በባግዳድ ቢቃጠል ሌላው በዐማን፣ ሌላው በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በወዳጅ ቤት ይተርፋል። ናሲሪ ኅትመትን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲመርጥ ይህን አስቦ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ የሀገሩ ታሪክ ግን ምርጫውን ትክክለኛ አደረገው። ሙዚየሙ ባዶ ሲሆን የናሲሪና የደቀ መዛሙርቱ ሥራ በብዙ ሀገር ስለ ተዘራ ከጥፋቱ አመለጠ።

ረቂቅ ሥዕል ግፍን በስሙ ጠርቶ አይከስስም፤ ይህ ጉድለቱ ነው፣ አልክድም። ግፈኛውንና ግፉዐኑን በግልጽ የሣሉ ኢራቃውያን አሉ፣ ድካማቸውም ታላቅ ነው። ነገር ግን የክስ ሥዕል ክሱ ሲረሳ ማስረጃ ይሆናል፤ ማስረጃም ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል። የናሲሪ ሥራ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፤ ከኢራቅ የወጣው ወጣት፣ ጦርነትና ውርደት ከሀገሩ ስም ጋር በተጣበቀበት ዓለም፣ ሀገሩ ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ሰማይና ውሃ፣ ፊደልና ብርሃን እንዳላት በእርሱ ሥዕል ያያል። እኔ እንደምፈርደው ይህ ከክሱ የሚያንስ አገልግሎት አይደለም።

የስደተኛ ሠዓሊ ዕጣ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከናሲሪ በዕድሜ ጥቂት የሚበልጠው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከሐረር ተነሥቶ፣ በጀርመን በኮሎኝ ተምሮ፣ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ረቂቁን ሥዕል ካስተማረ በኋላ በአብዮቱ ዘመን ተሰድዶ በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ዐረፈ፤ እስክንድር ቦጎስያንም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተምሮ በ2003 በዋሽንግተን ሞተ። ገብረ ክርስቶስ በጀርመን ትቶአቸው የነበሩት ሥዕሎች ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በስሙ በተሰየመ ሙዚየም ሊቀመጡ የቻሉት፣ በባዕድ ሀገር የጠበቃቸውና የመዘገባቸው ሰው ስለ ነበረ ነው።

በ2013 የዮርዳኖስ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የናሲሪን የኀምሳ ዓመት የኅትመት ሥራ በአንድ ትርኢት ሰብስቦ አሳየ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 7 ቀን ራፊዕ አል-ናሲሪ በሰባ ሦስት ዓመቱ በዐማን ዐረፈ። ከባግዳድ ከወጣ ኻያ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

ክቡራን አድማጮቼ፤ ከዚህ ሰው ሕይወት አድናቆትን ብቻ ይዘን ብንሄድ ጥቂት ወስደን ብዙ እንተዋለን። ባግዳድ ሥራዋን ያጣችው በእሳትና በዘረፋ ብቻ አይደለም፤ ከዘረፋው በኋላ የጠፋውን ለመፈለግ በተነሡ ጊዜ ሙሉ መዝገብ አለመገኘቱ ጥፋቱን አጸናው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል የኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሥራ በቤቱ ያለው ሁሉ በሥዕሉ ጀርባ የሠዓሊውን ስም፣ የተሣለበትን ዓመትና ቦታ ይጻፍ፣ ፎቶግራፍም ያንሣው፤ ሠዓሊ ዘመድ ያለው በሕይወት ሳለ ስለ ሥራው ይጠይቀው፣ የሚለውንም በጽሑፍ ያኑረው፤ ሙዚየሞቻችንና ትምህርት ቤቶቻችንም መዝገባቸውን በሁለት ቅጂ፣ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ያስቀምጡ። ሥራው ሳይቃጠል የሚጻፍ መዝገብ ከተቃጠለ በኋላ ከሚጻፍ ሙሾ ይሻላልና፣ ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ከዚሁ እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ።